የማያጎርሰው አባት

ወንድሜ ሴቷን ጉጉት ከጫጩቶቿ ላይ አንስቶ ወሰዳት። ጎጆዋን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

የተፈለገው ላባ ነበር። ሕፃን አርባ ቀን እስኪሞላው ድረስ የትልቁ ጉጉት የደረት ላባ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል፤ በእኛ ሸለቆ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። የወንድሜ ሚስት ቡሩል ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም አላደጉላትም። የመጀመሪያው ያለጊዜው ተወልዶ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ሁለተኛዋን በታኅሣሥ ብርድ የሳንባ ምች ወሰዳት፤ አምስት ሳምንቷ ነበር። ለሁለቱም የተሰቀለው ያው አንድ ላባ ነው፣ ከአያቴ የሙሽርነት ቆብ የተፈታ። ሦስተኛዋ ስትወለድ እናቴ ላባውን ምድጃ ውስጥ ከተተችውና «ይኼ ደክሟል፤ አዲስ ያስፈልጋል» አለች። ሕፃኗን ቶክቶ አሏት፣ ትቆይልን ለማለት።

እኔ ከከተማ ባዮሎጂ ተምሬ ተመልሻለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ዓመት የተከታተልኳቸው ጉጉቶች ከመንደራችን በላይ ባለው ቀይ ገደል ላይ ይኖራሉ። ጽሑፉ ካለቀ በኋላም ማየቱን አልተውኩም፤ ከቤት መውጫ ምክንያት ይሆነኝ ነበር።

ቶክቶ በተወለደች በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አፓ ሻይ እየቀዳች ጀመረች። እናታችንን አፓ ነው የምንላት።

«ሰው ተምሮ ይመጣና ለገዛ ወንድሙ ልጅ አንዲት ላባ መፈለግ ያቅተዋል።»

«ገበያ ይሸጣል» አልኳት።

«የገበያው የዶሮ ነው፣ ቀለም የነከሩት።»

ወንድሜ ኤርመክ፣ ታላቄ ስለሆነ «ባይኬ» የምለው፣ ዳቦውን ክሬም እያጠቀሰ ሳቀ። «ፕሮፌሰሯ ዶሮና ጉጉት ትለያለች። እሷ ትሂድ።»

«ጊዜ የለኝም፣ ባይኬ። ከቀዩ ገደል ሥር የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ሂድ። ከላዩ ጎጆ አለ፤ ከሥሩ የወደቀ ላባ አይጠፋም። ልቀምና ና፣ ይኼ ነገር ይልቀቀን።»

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ገና ሳምንት መሆኑን አልነገርኩትም። ወደ ላይ እንዳይወጣም አልነገርኩትም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የቀረኝ፤ የአፓ ንዝንዝ ሰልችቶኝ ስለነበር ተነስቼ ወጣሁ።

ኤርመክ ከሥር ያገኘው ላባ በበረዶ ውሃ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል። ቀና ሲል ከጎጆው የሴቷን ጉጉት ዓይን አየ። ወጣ። አልበረረችም።

«ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ እኮ፣ እንደ ዶሮ!» አለኝ በኋላ።

ዶሮ አይደለችም። ጫጩቶቹ በዚያ ዕድሜያቸው ስስ ነጭ ጸጉር እንጂ ላባ የላቸውም፤ በሚያዝያ ብርድ ከላያቸው ከተነሳች ወዲያው ይደርቃሉ። ስለዚህ አትነሳም። ሌላ ጊዜ ሰው ከሩቅ ስታይ የምትጠፋው ወፍ በዚያ ሳምንት በእጅ ትያዛለች። ሽማግሌዎች ላባ የሚወስዱት በመከር፣ ያውም ከወንዱ የነበረው ለዚህ ነው። ኤርመክ ሽማግሌ አይደለም፤ መኪና ጠጋኝ ነው።

በዱቄት ከረጢት አድርጎ አመጣት። ከበጎቹ በረት ጀርባ ስደርስ ከረጢቱን በጉልበቱ ተጭኖ በቀዳዳው እየነጨ ነበር።

«ምን ሠራህ? ጫጩት አላት! አሁኑኑ መልሳት!»

«ልጨርስ! አራት ብቻ ቀረኝ። ወጉ እንደሆነ በሕይወት መልቀቅ ነው፣ እለቃታለሁ።»

ከረጢቱን ስንፈታው ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወደቀ። ዓይኖቿ ብርቱካናማና ትልልቅ ናቸው፣ አልተከደኑም። ሆዷ ላይ መዳፍ የሚያህል ላባ የሌለው ቦታ ነበር። እሱ የወንድሜ ሥራ አይደለም። እንቁላሎቿ ገላዋን እንዲነኩ ራሷ ያራገፈችው ነው። በጣቴ ነካሁት፤ ገና ይሞቅ ነበር።

«ለአፓ ለቀቅናት ነው የምንለው» አለ ኤርመክ። «ሰምተሻል?»

ቀና ስል ቡሩል በመስኮት ቆማ ታየናለች።

ማታውኑ ላባው ከአልጋው ራስጌ ተሰቀለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወንዱ መጥራት ጀመረ። ሁለት ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያው ጠንካራ፣ ሁለተኛው ወደ ታች የሚወርድ። ጠርቶ ዝም ይላል። ዝም የሚለው እሷ እንድትመልስ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጥሪውንና የመልሱን ሰዓት ጎን ለጎን በማስታወሻዬ ስጽፍ ነበር። አሁን ጠርቶ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠራል።

ቡሩል አልጋውን በእግሯ እያወዛወዘች ትሰማለች። ምራት የባሏን ቤተሰብ በስም አትጠራም፤ እኔን «ትንሿ» ነው የምትለኝ። እኔም የወንድሜ ሚስት ናትና «ጄኔ» እላታለሁ።

«ትንሿ፣ ማንን ነው የሚጠራው?»

«ሚስቱን። ምግብ አምጥቶላት ነው።»

«ለምን ለልጆቹ አይሰጣቸውም?»

«እሱ ያድናል፣ ያመጣል፣ ጎጆው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። በቃ። እየበጣጠሰች የምታጎርሳቸው እሷ ናት፣ ጄኔ። እሱ አያውቅበትም።»

እግሯ ቆመ። «ሥጋው አጠገባቸው እያለ ይራባሉ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ማለስለስ አልችልበትም። ተጠየቅሁ፣ መለስኩ። እሷ ግን ፊቷ እንደ ግድግዳው ነጭ ሆነና እጄን ያዘችኝ።

«ሂጂና አጉርሻቸው። እነሱ ከሞቱ ይህችም ትሞትብኛለች።»

«ይኼ ከዚያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።»

«አውቃለሁ። ሂጂ።»

ጎህ ሳይቀድ በገመድ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ በደንብ አየዋለሁ። ሦስቱ ጫጩቶች ተደራርበው ተኝተዋል፤ ከላይ ያለው ትንሹ ሞቷል። ዙሪያቸውን ደግሞ ሥጋ ተከምሯል። አንድ ጥንቸል፣ ሁለት ቆቅ፣ አምስት የሜዳ አይጥ። አንዱም አልተነካም። አይጦቹ ጭንቅላታቸው ወደ ጫጩቶቹ ዞሮ በመስመር ተደርድረዋል። ወንዱ በአንዲት ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቆጠርኩ፤ ተመራማሪ ነኝና ልማድ ነው። ቀና ስል ከማዶው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አላጠቃኝም። ይህ ነው የከበደኝ። ቢያጠቃኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥንቸሉን በቢላ እየከተፍኩ አቀረብኩላቸው። አፋቸውን አልከፈቱም። ዓይናቸው ገና ብዥታ ነው፤ ከፊታቸው ያለውን ሥጋ አያውቁትም። እናትየው መጀመሪያ በለሆሳስ ታናግራቸዋለች፣ ከዚያ የመንቆራቸውን ጎን ጸጉር በሥጋው ትነካዋለች፣ ያኔ ይይዛሉ። በመጽሐፍም በመነጽርም አይቼዋለሁ። አድርጌው ግን አላውቅም። ገደል ላይ ተንበርክኬ በጉሮሮዬ እንደ ጉጉት አጉተመተምኩ። የሞኝ ሥራ መስሎ ተሰማኝ። ትልቁ ጫጩት አንገቱን እያንቀጠቀጠ አነሳ፣ ነከሰ፣ ዋጠ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ እወጣ ነበር። ማጉረስ እችላለሁ፤ ማቀፍ ግን አልችልም። በሦስተኛው ጠዋት ሁለተኛው በብርድ ሞቶ ጠበቀኝ። የመጨረሻውን በብብቴ አድርጌ ይዤው ወረድኩና ከበረቱ በላይ፣ ከቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ባለው የድርቆሽ ቆጥ፣ ፖም በሚታሸግበት ሳጥን ውስጥ፣ የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አጠገቡ አድርጌ አስቀመጥኩት።

የዚያን ዕለት ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ወንዱ ጠራ። ዝም አለ። አፓ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኤርመክ፣ ያቺን ወፍ የት ነው የለቀቅካት?»

«እዚያው ገደሉ ጋ፣ አፓ።»

«የተለቀቀች ብትሆን ትመልስለት ነበር።»

ኤርመክ ዳቦ መቁረስ ቀጠለ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

«ገድላችኋት ነው ላባዋን ከልጄ ራስ በላይ የሰቀላችሁት?» አለች አፓ። አልጮኸችም። ተነስታ ላባውን ፈታች፣ ይዛው ቆመች፣ የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ምድጃውን አየች፣ በሩን አየች። በመጨረሻ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ዞር ብላ ቡሩልን «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ክፍል እንዳትወጪ፤ ልጅቱም ከእጄ አትወጣም» አለቻት።

ስለ ወተቱ ሳልናገር ቆይቻለሁ። አፓ ቡሩልን ጡት ከልክላታለች። ሁለቱ የሞቱት የቡሩልን ወተት ጠጥተው ነው፤ ስለዚህ ወተቱ ከባድ ነው፣ ሕፃን አይሸከመውም፤ የአፓ ሒሳብ ይህ ነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የዱቄት ወተት በጡጦ ትጠጣለች፣ ያውም በአፓ እጅ። አንድ ቀን ተከራከርኩ። «አንደኛው ያለጊዜው ተወለደ፣ ሁለተኛዋን የሳንባ ምች ገደላት፣ ወተት አይደለም» አልኩ። «አንቺ ስንት ወልደሻል?» አለችኝ። በማግስቱም ተከራከርኩ። በሦስተኛው ቀን ተውኩትና ጉጉቶቼን ለማየት ሄድኩ። ቡሩል ራሷም አፓን አምናታለች፤ ወይም ያመነች ትመስል ነበር። ጠዋትና ማታ ጡቷን ብርጭቆ ውስጥ አልባ ከበረቱ ጀርባ ትደፋ ነበር፣ መውጣት እስክትከለከል። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን እኔ ነኝ ወስጄ የምደፋው። መሬቱ ላይ በብርዱ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ድመቷ አትልሰውም።

ጫጩቱ ቆጡ ላይ በገባ በሁለተኛው ቀን ወንዱ አገኘው። የልጁን ጩኸት ሰምቶ ይሆናል። ሊመሽ ሲል ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ዱብ ይላል፤ ሊነጋ ሲልም እንዲሁ። ጠዋት ስወጣ የቆጡ መስኮት ላይ ቆቅ ወይም ጥንቸል፣ አንድ ጊዜም የጎረቤት ዳክዬ አገኛለሁ። ከምችለው በላይ ነበር፤ አንድ ፍሬ ጫጩት ምን ያህል ይበላል? እሱ ግን የሚያመጣው ለሦስትና ለሚስቱ ነው። ቁጥሩ እንደተቀነሰ አልገባውም።

«የሞተ ነገር ደጃፋችን ላይ!» እያለች አፓ በመጥረጊያ ትገፋዋለች። «አንዱን ገድላችሁ ሌላውን ቤቴ ጋበዛችሁት!»

«ለአማቱ ስጦታ ማምጣቱ ነው፣ አፓ» አለ ኤርመክ። ማንም አልሳቀለት።

ኤርመክም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከከተማ የዱቄት ወተት አመጣ፣ ሌላ ዓይነት አመጣ፣ ከዚያ ከውጭ የመጣ ነው የተባለ ውድ ዓይነት አመጣ። ጣሳዎቹን ከአልጋው ግርጌ ይደረድራል፣ ቁልቁል አይቷት «እንዴት ናት?» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ ይወጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕፃን አቅፎ አያውቅም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን የጤና ኬላዋ ነርስ መጣችና ቶክቶን መዘነቻት። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። ስትወለድ ከነበረው ቀንሳለች። ነርሷ ወተቱ ካልተስማማት ጡት ይሰጣት፣ ለውጥ ከሌለ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ከተማ ሆስፒታል ትሂድ ብላ ጻፈች። አፓ ወረቀቱን አጥፋ ከላባው ጋር ኪሷ ከተተችው።

ልጅቷ ማልቀስ ያቆመችው በዚያ ሰሞን ነው። አፏን ከፍታ ድምፅ የሌለው ነገር ታደርጋለች። ወንዱ ከጣሪያው ሲጠራ ግን ዓይኗን ትገልጣለች። ቡሩል ይህን አይታ «ትሰማዋለች» አለችኝ። እኔም አይቼው ነበር።

ነርሷ በመጣች ማግስት ሊመሽ ሲል ቆጡ ላይ ጫጩቱን እያጎረስኩ ሳለ መሰላሉ ሲጢጥ አለ። ቡሩል ናት፣ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ሻሽ። በአርባዋ ያለች ሴት ፀሐይ ስትገባ ከቤት አትወጣም፤ አፓ ብታያት ጉድ ይፈላል።

«ጄኔ፣ አብደሻል? ውረጂ!»

«አማቴ ሶላት ላይ ናት። አሳዪኝ።»

ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች። እጄ ላይ የነበረውን ክታፊ አየች፣ ጫጩቱን አየች፣ ከመስኮቱ ሥር የተከመረውን ደግሞ አየች። ብዙ ነበር፤ ከሁለት ቀን የተረፈ። የአንዱ ጥንቸል ዓይን በመስኮቱ ብርሃን ያበራል።

«ይኼን ሁሉ እሱ ነው ያመጣው?»

«እሱ ነው።»

«ለእነዚያም እንዲህ ነበር? ለሞቱት?»

«ከዚህ ይበልጥ ነበር።»

በጉሮሮዬ አጉተመተምኩ፣ የመንቆሩን ጎን ነካሁ። ጫጩቱ ያዘ፣ ዋጠ፣ እንደገና አፉን ከፈተ። ቡሩል ሳታስበው ጡቷን ያዘች። ቀሚሷ ላይ ሁለት ቦታ ረጥቧል።

«ምን ብለሽ ነው የምታናግሪው?»

«ምንም። ድምፅ ብቻ ነው።»

«እናቱ አይደለሽም እኮ።»

«እሱ አያውቅም።»

«እሱስ አያውቅም» አለች። ወንዱ በዚያን ጊዜ ከጣሪያው ላይ ጠራ፤ ሳንቃው ከጭንቅላታችን በላይ ነዘረ። ቡሩል አልደነገጠችም። ዝምታውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። እንደገና ሲጠራ ተነሳች።

«እዚያ ቤት ሰባት ጣሳ አለ» አለች። «ትናንት ቆጠርኩት።» ከዚያ መሰላሉን ወረደች።

እጄን ሳልታጠብ ተከተልኳት። ስገባ አፓ ሶላቷን ጨርሳ ቶክቶን ጭኗ ላይ አድርጋ በጡጦ ታባብላታለች። ወተቱ በልጅቷ ከንፈር ጎን ይፈሳል። ቡሩል መሐል ክፍሉ ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯ ላይ ድርቆሽ አለ።

«ይስጡኝ» አለች።

አፓ ቀና ብላ ድርቆሹን አየች፣ ነጠላ ጫማውን አየች። «የት ነበርሽ?»

«ልጄን ይስጡኝ።»

«በዚያ ወተት ሁለት ቀብሬያለሁ!»

«የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች ቡሩል።

በዚህ ቤት ምራት ለአማቷ እንዲህ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም። አፓም አልሰማችም። ልጅቷን ወደ ደረቷ አጥብቃ አስጠጋቻት። እናቴ ክፉ ናት ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ፈርታ ነው።

«ይህችም ብትሞትብን?» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። «ደረትሽ ላይ ብትሞትብሽስ? አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ። ሌላ የማስበው ነገር ኖሮኝ ያውቃል? እዚህ ጣሳው መሐል ከምትሞት ግን እኔ ላይ ትሙት።»

ማንም ሳይነግራት ቀሚሷን ፈታች። ጎንበስ ብላ ልጅቷን ከአፓ ክንድ አነሳቻት፤ አፓ አልሰጠቻትም፣ አልከለከለቻትምም። ቡሩል ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ጡት አታውቅም፤ የምታውቀው ጡጦ ነው። ቡሩል አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ። በሩን ተደግፌ ቆሜ እንደ ሞኝ እቆጥራለሁ። ስድስት። ሰባት። ቡሩል ጡቷን የልጅቷ ጉንጭ ጎን ላይ አስነክታ፣ በአፍንጫዋ አንድ ነገር ማጉተምተም ጀመረች፣ ዜማም ቃልም የሌለው።

ከጣሪያው ላይ ክንፍ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ ዱብ አለ፤ የማታውን አምጥቶ ማስቀመጡ ነው።

የልጅቷ አገጭ ተንቀሳቀሰ። ያዘች ለማለት አልደፍርም። ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቡሩል ትንፋሿን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች።

አፓ ባዶ ክንዷን እንደታቀፈች ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ በጉልበቷ ተነስታ ጡጦውን አነሳች። ከጣሳዎቹም ሳትቆጥር የቻለችውን ያህል በቀሚሷ ጠርዝ ሰበሰበች። በአጠገቤ ስታልፍ ደም የነካውን እጄን አየችው። ወደ ደጅ ወጣችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።